የማይሠራውንም ያስጻፉት እትዬ መስኮት

የራሴን ጥፋት አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። እትዬ መስኮት ወደ ሥራችን ከመምጣታቸው በፊት የነበረውን የዌብሳይታችንን የመጀመሪያ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ገጹን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥርት ያለ ሰማይ ነበር። ከሰማዩ ላይ ነጭ ጋውን የለበሱ፣ ፈገግታቸው ጆሯቸው የደረሰ ሐኪሞች እየተንሸራተቱ ይመጣሉ፤ ከሥራቸው «ዘመናዊ»፣ «ፈጣን»፣ «አስተማማኝ» የሚሉ ቃላት ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። ሐኪሞቹን ከየት እንዳመጣኋቸው አትጠይቁኝ። አንዳቸውም የእኛን ፕሮግራም በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እኔም አላሳነስኩም።

ፕሮግራሙ ግን ቁም ነገር ነው። የጀመረው ጓደኛዬ ሐኪም ነው፤ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የአንድ ታካሚ ካርድ ጠፍቶ ሲፈለግ ዋለ፤ ሰውየው እያቃሰተ አግዳሚው ላይ፣ ሐኪሙ እየተናደደ ክፍሉ ውስጥ። በማግስቱ የታካሚ ካርድ የሚመዘግብና በስም ሲጠሩት የሚያወጣ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ኮዱንም ለማንም ክፍት አደረገው። የፈለገ ይወስደዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል፣ የሚከፍልም የሚከፈለውም የለም። እኔ በሁለተኛው ዓመት ገባሁበት። ሌሎች ሁለት ሰዎች ደግሞ ከሌላ አገር ሆነው ያግዙናል። ፊታቸውን አይተን አናውቅም፤ የአንደኛውን ሳል ግን በስልክ ስብሰባ ስለለመድነው የትም ብንሰማው እንለየዋለን። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ፕሮግራሙን የሚጠቀሙት አምስት ክሊኒኮች ብቻ ነበሩ፤ ከአምስቱም አንዱ የራሱ የሐኪሙ ነው።

እንዲህ እያለን ነው ሠላሳ ስድስት ክሊኒኮችን ያቀፈ አንድ ማኅበር ለአባላቱ በሙሉ አንድ ፕሮግራም ሊመርጥ ነው የሚል ወሬ የመጣው። ኮሚቴው የተወዳዳሪዎቹን ዌብሳይት በየፊናው ያያል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ከምሳ መልስ ተሰብስቦ ይወስናል። ሐኪሙ ይህን የነገረኝ ቆሞ ነው። ሲቆም ደግሞ አይቀልድም።

«ዘጠኝ ዓመት የእረፍት ቀኔን ለዚህ ሰጠሁ። ልጆቼ ጀርባዬን እንጂ ፊቴን አያውቁትም» አለኝ። «አሁን ከተመረጥን እሰየው። ካልተመረጥን ግን እዘጋዋለሁ። ለሚስቴም ነግሬያታለሁ።»

«ገጹ አሪፍ ነው፤ አታስብ» አልኩት።

«እሱን እትዬ ይዩት» አለ።

እትዬ ያላቸው አክስቱን ነው። እናቱ የሞተችው ስድስት ዓመት ሲሆነው ነው፤ ተቀብለው ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ መስኮት» ነው የሚላቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል መግቢያ፣ ከአንዲት መስኮት ጀርባ ተቀምጠው «የት ልሂድ?» ላለ ሁሉ መልስ ሲሰጡ ኖረዋል። ሥራ የጀመሩ ዕለት መስኮቷ ዝቅ ያለች ስለነበረች ጠያቂው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያናግራቸው። «ሰው ታሞ መጥቶ ደግሞ ለእኔ ይሰግዳል እንዴ?» ብለው አናጢ እስኪላክላቸው ድረስ ወንበራቸውን ውጭ አውጥተው በር ላይ ሠሩ ይባላል። አጭር ናቸው፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም አመሉ አለቀቃቸውም። ቤት ውስጥ የልጅ ልጅ አንድ ነገር ጠይቆ መልስ ሲያገኝ «እሺ፣ ቀጥሎ!» ይላሉ፤ ልጆቹም ከኋላው ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

የእሳቸውን ነገር ለመረዳት ግን አንዲት ሴት የጠየቀቻቸውን ጥያቄ ማወቅ ያስፈልጋል። በሥራቸው በሦስተኛው ዓመት ነው። ልጇን ያዘለች ሴት መጥታ የጆሮ ሐኪም ፈለገች። የጆሮ ሐኪሙ የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር፤ ዕለቱ ደግሞ ረቡዕ ነው። የመስኮቷ ደንብ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ የመጣውን ሁሉ ወደ ካርድ ሰልፍ መላክ። ማን አለ፣ ማን የለም የሚለው የእሳቸው ጉዳይ አልነበረም። ላኳት። ሴትዮዋ ተሰልፋ ካርድ አወጣች፤ ከዚያ በተዘጋ በር ፊት ልጇን እያባበለች እስከ መውጫ ሰዓት ዋለች። ስትወጣ መስኮቷ ጋ ቆም አለች። አልተቆጣችም፣ አልተሳደበችም። «እህቴ፣ ታውቂ ነበር?» አለቻቸው። ያውቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እትዬ መስኮት ጠዋት በገቡ ቁጥር በየክፍሉ ዞረው ያልመጣውን ሐኪም፣ የተበላሸውን ማሽን፣ ያለቀውን መድኃኒት ይጠይቃሉ። «ዛሬ የሌሉ» ብለው በካርቶን ላይ በትልቁ ይጽፉና መስኮቷ ላይ ይሰቅሉታል። የሆስፒታሉ ኃላፊ «ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው» ብሎ ካርቶኑን አስነሳው። በማግስቱ ሌላ ካርቶን ተሰቀለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እሳቸው ሞኝ አይደሉም፤ ወረቀቱ ግን እጃቸው ላይ ነበር። ኃላፊው ሲለወጥ፣ ሌላው ሲመጣ፣ እሱም ሲለወጥ ካርቶኑ አለ።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው በሐኪሙ የምግብ ጠረጴዛ ላይ መነጽራቸውን አድርገው ገጼን ያዩት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ምስጋናዬን እጠብቃለሁ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ሐኪም ነው፣ እትዬ።»

«እናንተ ጋ ነው የሚሠራው?»

«አይ፣ ፎቶ ነው። ለማሳመሪያ ነው።»

«እና እዚህ ምን ይሠራል?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ አለፉት። «ዘመናዊ ይላል። ምኑ ነው ዘመናዊው?»

«ፕሮግራሙ።»

«የምን ፕሮግራም?»

«እሱ ወደ ታች ሲወርዱ ይገኛል።»

«ስንት ያስወርዳል?»

ጣቴን እየገፋሁ ወረድኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ። በአምስተኛው ላይ «የታካሚ ካርድ» የሚል ቃል በቀጭኑ ታየ። እትዬ መስኮት ዞር ብለው አዩኝ። በሐዘኔታ ነው ያዩኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ጋ የመጣ ሰው አምስት ፎቅ ወርዶ አይደለም የሚጠይቀኝ» አሉ። «ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው። እስቲ ካርድ የሚያወጡ ሰዎች ያሉበት ውሰዱኝ።»

ፕሮግራማችንን ከሚጠቀሙት አምስት ክሊኒኮች ወደ አንዱ ወሰድናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ከካርድ ክፍሉ በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ጡረታ የደረሱ ሽማግሌ ናቸው፤ የወረቀት አቧራ ድምፃቸውን አጎርንኖታል። መጀመሪያ ቀን ሽማግሌው ለሰላምታ ብቻ ነበር ያናገሯቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሻይ አዘዙላቸው፤ በአምስተኛው ቀን ከእኛ ጋር በዓመት ያላወሩትን አወሩላቸው። እትዬ መስኮት አራት ጥያቄ ይዘው ተመለሱ። «መብራት ሲጠፋ ካርዱ የት ይሄዳል? ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰው ቢመጣስ? ኢንተርኔት ባይኖርስ?» አራተኛውን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይሄ ነገር እኔን ከሥራ ያስወጣኛል ወይ?»

ሐኪሙ ደነገጠ። «ሰውየው ይሄን ጠየቁ? ፕሮግራሙን ካስገባንላቸው እኮ ዓመት አለፈ!»

«ዓመት ሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ነበራ። ገጻችሁ ላይ ፈልገው አጡት፤ እናንተን መጠየቅ ደግሞ ፈሩ።»

ያን ቀን በልቤ እጅ ሰጠሁ። በአፌ ግን ገና ነበርኩ።

እትዬ ገጹን የነደፉት በኮምፒውተር አይደለም፤ ከሸሚዝ ማሸጊያ በወጣ ካርቶን ላይ በእርሳስ ነው። የጻፉትን ግድግዳ ላይ፣ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚያርፍበት ከፍታ ይለጥፉና ጎረቤት ልብስ ሰፊውን ይጠሩታል። ልብስ ሰፊው ስለ ሶፍትዌር የሚያውቀው ነገር የለም፤ የተጠራውም ለዚሁ ነው። አምስት እስኪቆጥሩ ያነባል፤ ከዚያ በጋዜጣ ይሸፍኑበትና «ምን አየህ?» ይሉታል። መጀመሪያ ቀን «የሆስፒታል ነገር ነው መሰለኝ» አለ። ካርቶኑ ተቀደደ። በሁለተኛው «ኮምፒውተር ትሸጣላችሁ?» አለ። እሱም ተቀደደ። አሥራ አንድ ካርቶን ሲቀደድ አይቻለሁ። ልብስ ሰፊው ሥራው እየተጓተተበት ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ግን አይቀርም። በአሥራ ሁለተኛው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲህ አለ፤ «የታካሚ ካርድ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ነገር ነው። በነፃ ነው። መብራትም ኢንተርኔትም ቢጠፋ የተመዘገበው አይጠፋም። ካርድ አውጪውን አያባርርም። መድኃኒት ግን አይቆጥርም።»

«ተባረክ፣ ሂድና ስፌትህን ስፋ» አሉት።

የተጣላነው በዚህች በመጨረሻዋ ነገር ነው። እትዬ መስኮት ከላይ የሚሠራውን ከጻፉ በኋላ ወዲያው ከሥሩ «የማይሠራው» የሚል ርዕስ አድርገው ነበር። የመድኃኒት ክምችት አይቆጣጠርም። ከላብራቶሪ ማሽን ጋር አይገናኝም። ክፍያ አይሰበስብም። ያውም ከላይኛው ጋር እኩል በሆነ ፊደል።

«እትዬ፣ ሱቅ ከፍቶ በሩ ላይ ‹ስኳር የለም› ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ የት አለ?» አልኳቸው።

«ስኳር ፈልጎ የመጣው ሰው ይመርቀዋል።»

«እሺ፣ ቢያንስ ፊደሉን እናሳንሰው።»

«‹ዛሬ ሐኪሙ የለም› ሲባል በሹክሹክታ ነው እንዴ የሚባለው? ሰው እንዲሰማ ካልሆነ መናገሩስ ለምን ያስፈልጋል?»

ሐኪሙን አየሁት፤ ያግዘኛል ብዬ። ጣሪያውን ያያል። ለካ ሲያሳድጉት ክርክሩን ሁሉ ጨርሰውታል።

እውነቱን ለመናገር ገጹ ያምር ነበር። ነጭ ነው፤ ፊደሉ ትልቅ ነው፤ የሚንሸራተት ነገር የለውም። ካርቶኑን ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ቀን አልፈጀብኝም። ከዚያ በኋላ እሳቸው ራሳቸው ቃላቱን ማስተካከል እንዲችሉ አሠራሩን አሳየኋቸው። እንደኛ ባለ ሥራ ውስጥ ማንም ሰው አንድ ነገር ሲለውጥ ስሙ፣ የለወጠው ነገርና የለወጠበት ምክንያት በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገቡን የፈለገ ሁሉ ያነበዋል፤ የተጻፈ አይፋቅም።

«ማን እንደለወጠው ይታያል?» አሉ።

«ይታያል።»

«ለምን እንደለወጠውም?»

«ራሱ ይጽፈዋል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሃያ ስድስት ዓመት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ሲለጠፍና ሲነሳ አይቻለሁ። ‹ማን አነሳው?› ስል አንድ ቀን እንኳ ‹እኔ› ያለኝ ሰው አላገኘሁም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላው ሰው ጠዋት ጋዜጣ እንደሚያነብ እሳቸው ሻያቸውን ይዘው ያንን መዝገብ ያነባሉ። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው የሚቀጥለውን ያደረግኩት።

የስብሰባው ዋዜማ፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ከኮሚቴው ሰዎች ጋር ቅርበት ያለው አንድ የማውቀው ሰው መንገድ ላይ አገኘኝ። «የክሊኒኮቹ ራስ ምታት የመድኃኒት ነገር ነው። ያልቃል፣ ጊዜው ያልፍበታል፣ የሚቆጣጠረው የለም። እናንተ እሱን ትሠሩ የለ?» አለኝ። የሆነ ነገር ጉምጉም ብዬ ተለየሁት። ቢሮዬ ገባሁና «የማይሠራው» የሚለውን ክፍል እንዳለ አነሳሁት። መዝገቡ ምክንያት ሲጠይቀኝ «ገጹን ለማሳመር» ብዬ ጻፍኩ። ለሐኪሙ አልነገርኩትም። እንሠራለን አላልንም፤ ዝም ነው ያልነው፤ ዝምታ ደግሞ ውሸት አይደለም እያልኩ ራሴን ሳባብል አመሸሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሆዴማ በደንብ ያውቅ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከምሠራበት መሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያ ተደወለልኝ። «አንዲት እናት ይፈልጉዎታል።»

ወረድኩ። እትዬ መስኮት የእንግዳ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ ነው።

«ደህና አደሩ፣ እትዬ። ምነው፣ በደህና?»

«በደህና ነው። የጻፍከውን አንብቤ ነው።»

«የቱን?» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«‹ገጹን ለማሳመር› ያልከውን።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ውሃ የሚያነሳ ምክንያት ፈልጌ ስላጣሁ እውነቱን ነገርኳቸው። «ዛሬ ነው የሚወስኑት፣ እትዬ። የሚፈልጉት መድኃኒት የሚቆጣጠር ነው። ያንን ካነበቡ ይተዉናል። የዘጠኝ ዓመት ልፋት ገደል መግባቱ ነው። ለልጅዎ አያዝኑም?»

የመጨረሻዋን ባልናገር ይሻል ነበር። የቦርሳቸውን መቆለፊያ ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት።

«ለእሱ ማዘን የጀመርኩት አንተ ሳታውቀው ነው» አሉ። «አሁን ስማኝ። ተመረጣችሁ እንበል፤ ሠላሳ ስድስቱም ክሊኒክ ገባችሁ። አንዷ የፋርማሲ ልጅ መድኃኒቷን ልትመዘግብ ከፈተችው። ብትፈልግ አጣች። ለማን ትደውላለች?»

«ለእኛ።»

«ስልኩን የሚያነሳው ማነው?»

ስልኩን የሚያነሳው ሐኪሙ ነው። ሁልጊዜም እሱ ነው።

«‹ታውቁ ነበር?› ስትለው ምን ይበላት? ለእሱ እንኳ አልነገርከውም እኮ።»

ከፊት ለፊታችን ሰው ይገባል፣ ይወጣል። «እሺ፣ ይመልሱት» አልኳቸው። «እንዴት እንደሚመለስ አሳይቼዎታለሁ።»

«እኔ መች ወሰድኩትና ነው የምመልሰው? የወሰደው ይመልስ። ምክንያቱንም ይጻፍ።»

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን ነዋ።»

ወደ ቢሮዬ ወጣሁ። ክፍሉን መመለስ የአፍታ ሥራ ነበር። ምክንያቱ ግን ግማሽ ሰዓት ያዘኝ። «ስህተት ለማረም» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። «በአስተያየት መሠረት» ብዬ ጻፍኩና እሱንም አጠፋሁት። ከሌላ አገር ያሉት ሁለቱ እንደሚያነቡት አሰብኩ፤ ባለሳሉ ሲስቅብኝ ታየኝ። በመጨረሻ «ያነሳሁት ለማሳመር ሳይሆን ፈርቼ ነው። መልሼዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ስሜ ከጎኑ ሰፈረ። እነሆ እስከ ዛሬም አለ።

ልነግራቸው ስወርድ ሄደዋል። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ «እናትዎ ናቸው?» አለችኝ። «ስልክ ላይ ሆኜ ሦስት ሰው ወደ ትክክለኛው ፎቅ ላኩልኝ። አንዱን ደግሞ ‹እዚህ አይደለም፣ ቀጥሎ ያለው ሕንፃ ነው፤ በከንቱ አትቁም› ብለው መለሱት። በየቀኑ ቢመጡ ምናለ?»

ማምሻውን በሐኪሙ ክሊኒክ፣ የመጨረሻው ታካሚ ከወጣ በኋላ፣ ሦስታችን በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን ስልክ እንጠብቃለን። ለሐኪሙ ያደረግኩትን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «አንብቤዋለሁ» አለኝና ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው የማኅበሩ ጸሐፊ ጨዋ ሴት ናት፤ ሁላችንም እንድንሰማ ሐኪሙ ድምፁን ከፍ አደረገው። ካዩዋቸው ገጾች ሁሉ ደውለው ምንም መጠየቅ ያላስፈለጋቸው የእኛ ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ልቤ ተንጠለጠለ። ጉድና ጅራት ግን በስተኋላ ነው። «አብዛኞቹ ክሊኒኮቻችን ፋርማሲ አላቸው። እናንተ ደግሞ እንደማትሠሩት በግልጽ ጽፋችኋል። ስለዚህ ሌላ መርጠናል፤ ጊዜያችንን ስላላባከናችሁ እናመሰግናለን» አለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኮሚቴ ስብሰባ ግን አያድርም። በውስጤ እትዬ መስኮትን ተቆጣሁ፤ አልደብቅም። አንዲት ቀን፣ አንዲት ከሰዓት ብቻ ዝም ብንል ኖሮ እያልኩ ጥርሴን አፋጨሁ።

ሐኪሙ ላፕቶፑን ከፈተ። «እዘጋለሁ ብያለሁ፤ እዘጋለሁ» አለና የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ መጻፍ ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት ያሳደገውን ነገር በአንድ መስመር ሲቀብር ማየት አቃተኝና ወደ አክስቱ ዞርኩ። አሁን ይለምኑታል ብዬ ጠበቅኩ። አልለመኑትም። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አጠገቡ ተቀመጡ።

«መዝጋት መብትህ ነው» አሉ። «ደክመሃል። አይቼሃለሁ። ገጹን ግን አብረን ነው የሠራነው፤ የጻፍከውን አንብብልኝ።»

«‹ይህ ፕሮግራም ተዘግቷል። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን።›»

«ጥሩ። እኚያ የካርድ ክፍሉ ሽማግሌ ነገ ጠዋት ይሄን ከፈቱ። መጀመሪያ ምን ይላሉ?»

ሐኪሙ ከስክሪኑ ቀና አለ። «‹ካርዶቼስ?› ይላሉ።»

«መልስላቸው።»

ጻፈ። «ካርዶቻችሁ ያሉት በራሳችሁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አይጠፉም።»

«ቀጥሎ ምን ይላሉ?»

«‹ቢበላሽብኝስ?› ይላሉ።»

«ቢበላሽባቸው ማን አለ?»

ከኮሪደሩ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ይሰማል።

«ማንም ከሌለ ‹ማንም የለም› ብለህ ጻፍ» አሉ እትዬ መስኮት፣ ረጋ ብለው። «የሌለውን ደብቀን አናውቅም።»

ሐኪሙ እጁን ፊደሎቹ ላይ አደረገ። አነሳው። ደግሞ አደረገ። ባለፈው ወር የሽማግሌው ኮምፒውተር አልነሳ ሲል በእረፍት ቀኑ በሁለት አውቶቡስ ሄዶ ያስነሳላቸው እሱ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሦስት ቃል ጻፈ። «ቢበላሽ እኔ አለሁ።»

እትዬ መስኮት መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ቀረቡ፤ ከላይ እስከ ታች ዋና ዋናውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«‹ይህ ፕሮግራም ተዘግቷል። ካርዶቻችሁ አይጠፉም። ቢበላሽ እኔ አለሁ።›» ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ ከላይኛውና ከታችኛው አንዱ ውሸት ነው። የትኛው ይሰረዝ?»

ሐኪሙ ሳቀ። ሲስቅ ዕንባው መጣ፤ በእጁ ጀርባ እንደ ልጅ ጠራረገውና የላይኛውን መስመር ሰረዘ። እኔ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዓይን መመርመሪያ ፊደል የማነብ መስዬ ዞርኩ። ከዚያ በፊት ማንንም ሰው እንደ እኚያ ሴት አክብሬ አላውቅም።